ስማቸውን አጥቁሬ፣ ቤታቸውን ትቼ

ስልኬ አላወቀኝም።

ለማሳመር የምለው አይደለም። ስልኩ የሚከፈተው ፊቴን ሲያይ ነበር። ያን ቀን ረፋድ ላይ፣ ካርቱም ውስጥ፣ ወደ ቡሪ ሰፈር በሚወስደው መንገድ የቆመው ታጣቂ ጸጉሬን ጨምድዶ ስልኩን ፊቴ ላይ ሲደቅነው ስክሪኑ ጥቂት አሰበና እንቢ አለ። ግራ ዓይኔ አብጦ ተደፍኗል፤ ከአፍንጫዬ የወረደው ደም አገጬ ላይ ደርቆ ሌላ ደም በላዩ ይወርዳል። ስልኩ የሚያውቀው ልጅ ይህ አልነበረም።

«ይሄ ስልክ ያንተ አይደለም» አለኝ በዐረብኛ።

«የኔ ነው።»

«ታዲያ ለምን አያውቅህም?»

«ስለመታኸኝ።»

ከኋላው የመኪና ጎማ ላይ የተቀመጡት ሁለቱ ጓደኞቹ ሳቁ። እሱ አልሳቀም። በስልኩ ጠርዝ ቅንድቤን መታኝና መልሶ ፊቴ ላይ ደቀነው፤ አንድ ቢጨምርበት ወደ ቀድሞ መልኬ የምመለስ ይመስል። ስልኩ አሁንም እንቢ አለ። ሦስተኛውን ሳይሰነዝር የይለፍ ቁጥሩን ነገርኩት።

እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ቁጥሩን መናገሬ አይደለም። እንዲያ ሲመታ ማንም ይናገረዋል። የሚቆጨኝ ስናገር ልቤ ተረጋግቶ የነበረ መሆኑ ነው። ስልኩ ውስጥ ያለው ዝርዝር ንጹሕ ነው ብዬ አምኜ ነበር። ያጸዳሁት እኔ ነኝ፤ እንጀራዬም እሱ ነበር።

ከጦርነቱ በፊት ካርቱም ሁለት ውስጥ፣ ከአንድ ጭማቂ ቤት በላይ ባለች የኢንተርኔት ክፍል ተቀምጬ ባሕር ማዶ ላለ አንድ ድርጅት ቀለም እቀባ ነበር። ድርጅቱ የሰውን የግል መረጃ የሚደብቅ ሶፍትዌር ይሠራል። ትልልቆቹ ኩባንያዎች ሰው ሠራሽ አስተውሎታቸውን በሰው ደብዳቤ፣ በሰው ውል፣ በሰው ሐሜት ከማስተማራቸው በፊት ጽሑፉ በዚህ ሶፍትዌር ውስጥ ያልፋል። ስም ያለበት ቦታ ይጠቁራል፣ ስልክ ቁጥር ያለበት ቦታ ይጠቁራል። በየሀገሩ አዲስ ሕግ እየወጣ ስለነበር ያላጠቆረ ይቀጣል። ሶፍትዌሩ ግን አማርኛም የሱዳን ዐረብኛም አያውቅም። እኔ አውቃለሁ። ስለዚህ ጽሑፉን ይልኩልኛል፤ ስሙን ቢጫ፣ ስልኩን አረንጓዴ፣ አድራሻውን ሰማያዊ፣ የፓስፖርት ቁጥሩን ቀይ እቀባለሁ። የቀባሁትን እያየ ሶፍትዌሩ ይማራል።

መመሪያው ወፍራም ነበር፤ በየጥቂት ወሩም ይወፍራል። መጀመሪያ ስም ብቻ ነበር። ቀጥሎ ፊት መጣ፤ ቀጥሎ ድምፅ። ከዚያ አንድ ሰው «ሰርዙኝ» ካለ የሚሰረዝበት ምዕራፍ ተጨመረ። ከዚያ ደግሞ ማሽኑ የወሰነውን ሁሉ ሰው ይየው የሚል መጣ፤ ያ ሰው እኔ ነበርኩ። በየእትሙ ፈተና አለው። አልፋለሁ፤ ስሜ በትልቁ የተጻፈበት የምስክር ወረቀት ይመጣልኛል። በመመሪያው ገጾች ጀርባ ግጥም እጽፍ ነበር። ግጥም ያስተማረኝ የለም። አባቴ ከኢትዮጵያ በፖለቲካ ሸሽቶ ሲመጣ የያዛት አንዲት ካርቶን መጽሐፍ ነበረች፤ ከሷ ለቃቅሜ ነው የተማርኩት።

አባቴ ራሱ እስኪሞት ድረስ የማንንም ስም ጽፎ አያውቅም። ስልኩ ውስጥ እንኳ ቁጥር እንጂ ስም አልነበረም። በወጣትነቱ አንዲት ወረቀት ተይዛ፣ ወረቀቷ ላይ የነበሩት ጓደኞቹ አንድ በአንድ ከየቤታቸው ተለቅመዋል። እኔ የሽማግሌ ፍርሃት ይመስለኝ ነበር። ለዚህ ለዚህማ ዘመኑ ሶፍትዌር አበጅቶለታል እል ነበር።

አንድ ቀን መመሪያው የማያውቀው ነገር ገጠመኝ። በመመሪያው አድራሻ ማለት የመንገድ ስም፣ የቤት ቁጥር፣ የፖስታ ቁጥር ነው። ካርቱም ውስጥ ማን በቤት ቁጥር ይሄዳል? የሚላክልኝ ጽሑፍ ሁሉ «ከመስጊዱ ጀርባ፣ ሰማያዊ በር፣ የመሐንዲሱ ቤት» ነው የሚለው። ይህስ አድራሻ ነው ወይ ብዬ ተቆጣጣሪዬን ጠየቅኩት። በማግስቱ መለሰልኝ፤ መመሪያው ውስጥ ከሌለ ሳትቀባ እለፈው። አለፍኩት። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ሳልቀባ አለፍኩት። ሶፍትዌሩም እንዲያ እንዲያልፍ ከእኔ ተማረ።

የምኖረው ዴም የሚባል ሰፈር ነበር። ዴም ውስጥ የወሎ ሴቶች ቅሬ ነበራቸው። ቅሬ ሌላው ሰው እድር የሚለው ነው፤ ቀብር ያወጣል፣ መርዶ ያደርሳል። አባሎቹ በየሰው ቤት የሚሠሩ ናቸው፤ የሚገናኙት አርብ፣ ከሶላት በኋላ፣ ዕረፍታቸው ላይ ነው። የቅሬው ዳኛ ካርቱም ውስጥ ሃያ ዓመት የተቀመጠች ወጥ ሠሪ ናት። ሁላችንም እትዬ እንላታለን። አንቱ ማለት ግን ከልክላናለች፤ «አንቱ ያላችሁኝ ቀን ነው የማረጀው» ትላለች። ማንበብ አትችልም። የአርባ ሴቶች አገር፣ ወላጅና ሕመም በጭንቅላቷ ይዛ ትዞራለች።

ዝርዝሩን ያመጣው የአንዲት ልጅ ሞት ነው። ልጅቱ ገና ቅሬው ውስጥ ሳትገባ ከሦስተኛ ፎቅ በረንዳ ወደቀች። አሠሪዋ ልብስ ስታሰጣ አዳልጧት ነው አለች። የጎረቤቱ ዘበኛ ግን ከመውደቋ በፊት ቀበቶ ሲያርፍ ሰምቻለሁ አለ፤ የጠየቀው የለም። ሆስፒታል ስንደርስ ከፊቷ ግማሹ አልነበረም። የተመዘገበችው በፓስፖርቷ ስም ነው። የፓስፖርቷ ስም ደግሞ የሷ አይደለም፤ እንደ ብዙዎቹ፣ ደላላው ዕድሜ ጨምሮ ስም ቀይሮ ነው ያወጣላት። እኛ የምናውቃት «የነጋዴው ቤት ልጅ» ብለን ነው። ሴቶቹ እርስ በርስ የሚጠራሩት በሚሠሩበት ቤት ነው፤ የነጋዴው ቤት፣ የባለ ፋርማሲው ቤት፣ የጡረተኛው መኮንን ቤት። እንዲያ ስትጠራ ኖራ፣ የእናቷ ልጅ ማን እንደሆነች የሚናገር አንድ ሰው ጠፍቶ ተቀበረች። ከብዙ ወር በኋላ እናቷ በሰው በሰው ሰምታ ስትደውል፣ «የትኛዋ?» ብለን ነው የመለስንላት።

እትዬ ስልኩን ዘጋች። «ከእንግዲህ ስሟ ሳይታወቅ አፈር የምትለብስ የለችም» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «አንተ ልጅ፣ ያንን ኮምፒውተርህን አምጣ።»

በየአርቡ የምንሰበሰብበት ግቢ ውስጥ ጠረጴዛ ይዤ ተቀመጥኩ። የሀገር ቤት ስም፣ የፓስፖርት ስም፣ የትውልድ ቀበሌ፣ መርዶ የሚነገረው ሰው ስልክ፣ የምትሠራበት ቤት። በሥራዬ እኮራ ስለነበር፣ መመሪያው እንደሚያዘው እያንዳንዷን ፈቃድ እጠይቃለሁ።

«መረጃሽ ለምን እንደሚሰበሰብ ተረድተሻል?»

«ስሞት እንድትቀብሩኝ።»

«ፈቃደኛ ነሽ?»

«ለመሞት?»

ወረፋው በሙሉ ሳቀ። እንዲህ ያለችኝ ቡሪ፣ ዶክተሩ ቤት የምትሠራው ልጅ ናት። ቀጭን ናት፤ ምላሷ ግን ይቆርጣል። ጎንበስ ብላ ከጠረጴዛው ላይ የመመሪያውን ገጽ ገለበጠች።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው? የሐኪም ማዘዣ?»

«ግጥም ነው።»

«የኛ ዶክተር ጽሑፍም እንዲህ ነው። ፋርማሲስቱ ብቻ ነው የሚያነበው።» ገጹን መለሰችልኝ። «እሺ ወንድምዓለም፣ አንድ ቀን ሰርዘኝ ብልህ ትሰርዘኛለህ?»

«መብትሽ ነው። ባልሽኝ ሰዓት።»

«ወላሂ?»

«ወላሂ።»

«ክርስቲያን አይደለህ እንዴ፣ በምን ትምልልኛለህ!» አለችና የሀገር ቤት ስሟን ነገረችኝ። ጻፍኩት።

ጦርነቱ በረመዷን ጀመረ። መጀመሪያ በጆሮ ነበር፤ ከዚያ በዓይን መጣ። በሁለተኛው ሳምንት ዴም ዳቦ ቤት ተሰልፌ ሳለ ከፊቴ ሁለተኛው ሰውዬ እንደ ከረጢት ተጣጥፎ ወደቀ። ተኩሱን አልሰማንም። ከጆሮው በላይ የነበረው አጥንት ግድግዳው ላይ ነበር። ሁለት ሰዎች በእግሩ ጎትተው ጥግ አስያዙት፤ ወረፋው ክፍተቱን ዘጋ። እኔም አንድ እርምጃ ወደ ፊት ተጠጋሁ። ደሙን ላለመርገጥ እግሬን ሰፋ አድርጌ መቆሜን አስታውሳለሁ። ዳቦዬን ይዤ ተመለስኩ፤ በላሁትም። ከሦስት ቀን በኋላ በዚያው መንገድ ሳልፍ ሰውዬው አሁንም እዚያው ነበር፤ ውሾቹ ጀምረውት ነበር።

አሠሪዎቹ ሸሹ። ልጆቻቸውን፣ ወርቃቸውን፣ ድመታቸውን ጭነው ወጡ። ሠራተኞቻቸውን ግን «ቤቱን ጠብቂ፣ በሳምንት እንመለሳለን ኢንሻአላህ» ብለው ተዋቸው። አንዳንዱ ቁልፍ ሰጥቶ ሄደ፤ አንዳንዱ ከውጭ ቆልፎ ሄደ። ታጣቂ በየቤቱ መግባት ሲጀምር እትዬ በስልክ አንድ ሕግ አወጣች፤ በአማርኛ ካልተጠራች በር የምትከፍት የለችም።

እትዬና ዴም መድረስ የቻሉት ሴቶች የኔ ክፍል ውስጥ ተጠጋግተው ይተኙ ነበር። እሷም ተሯሩጣ ከጦርነቱ ርቃ ወዳለችው ገዳሪፍ ከተማ የሚያወጣን ሚኒባስ አገኘች። ሾፌሩ የሰፈራችን ሰው፣ ሱዳናዊ ነው፤ መኪናውን እንዳይነጥቁት ቡሪ፣ አጎቱ ግቢ ውስጥ ደብቆታል። ኔትወርክ ሲመጣ ስደውል ሰነበትኩና በየቤቱ የቀሩትን ለየሁ። ሃያ ሦስት ነበሩ። ለሾፌሩ በዐረብኛ ዝርዝር አዘጋጀሁለት። ቤቱ የት እንደሆነ፤ ብቻዋን ናት ወይስ ከሰው ጋር፤ በሩን ከውስጥ ትከፍታለች ወይስ ተቆልፎባታል። ለተቆለፈባቸው የብረት ዘንግ መያዝ ነበረበት። ከዚያ ኔትወርኩ ጭራሽ ጠፋ። ዝርዝሩን በእግሬ ማድረስ ግድ ሆነ።

እትዬ አልወደደችውም። «በቃልህ ይዘኸው ሂድ» አለችኝ።

«ሃያ ሦስት ቤት በቃል እንዴት ይያዛል፣ እትዬ?»

«እኔ አርባውን ይዤ የለም እንዴ!»

«አጽድቼዋለሁ እኮ» አልኳት። የምንሞክረው ሶፍትዌር ላፕቶፔ ላይ ነበር፤ ዝርዝሩን በሱ ውስጥ አሳለፍኩት። ስሙ ሁሉ ጠቆረ። ስልኩ፣ ፓስፖርቱ፣ ቀበሌው ጠቆረ። ሙሉውን ላፕቶፑ ውስጥ ትቼ፣ ላፕቶፑን ከአልጋዬ ስር ሸክላ ነቅዬ ቀበርኩት። ስልኬ ላይ የያዝኩት የጠቆረውን ብቻ ነው። አሳየኋት።

«ይሄማ የተቃጠለ ይመስላል» አለች።

«ማንም እጅ ቢገባ ማን እንደሆኑ አያውቅም። ልንበብልሽ። ጥቁር፤ የዶክተሩ ቤት፣ ቡሪ፣ ከመስጊዱ ጀርባ፣ አረንጓዴ በር።»

«የቡሪዋ!»

«ጥቁር፤ የባለ ፋርማሲው ቤት፣ ካርቱም ሁለት፣ ከጄኔሬተሩ አጠገብ፣ ሁለተኛ ፎቅ።»

«ያቺ ሳቂታዋ!»

ሃያ ሦስቱንም አወቀቻቸው። እንደ እንቆቅልሽ እየቀደመችኝ፣ ጉልበቷን እየመታች። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሴቶች በዚያ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ስም የሌለበት ዝርዝር እንዲህ በደንብ መሥራቱ አኮራኝ። ሰው በቤቱ በሚጠራበት ከተማ ኖረን፣ ያላጠቆርኩት ዋናው ስማቸው መሆኑ ለአንዳችንም አልታየንም።

«ያላ፣ ሂድ እንግዲህ» አለችኝ። «አብሽር፣ አይዞህ።»

እንግዲህ ታጣቂው የከፈተው ይህንን ነው። ጮክ ብሎ አነበበው፤ ማንበብ የሚችል መሆኑን ጓደኞቹ እንዲያዩለት ይመስላል።

«የዶክተሩ ቤት። ቡሪ፣ ከመስጊዱ ጀርባ፣ አረንጓዴ በር። ብቻዋን። በሩን ከውስጥ ትከፍታለች።»

የጻፍኩትን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ያኔ ነው። ስጽፈው የሾፌሩን ዓይን እያሰብኩ ነበር። በዚህ ሰውዬ አፍ ሲወጣ እያንዳንዱ ቃል በር ከፈተ። ሁለተኛውን አነበበ፣ ሦስተኛውን። ጓደኞቹ ከጎማው ላይ ተነሡ። ሱሪዬ ላይ ሽንቴ አመለጠኝ።

«ያ ዙል፣ አንተ ሰውዬ» አለኝ፣ ድምፁ ለስልሶ። «ስንት ቀን በር ለበር ስንደክም!»

ከፒክአፑ ጀርባ ጣሉኝ። አንዱ ቡትስ ጫማውን አንገቴ ላይ አሳርፎ ተቀመጠ። መኪናው ጉድጓድ በገባ ቁጥር ጉንጬ ከብረቱ ጋር ይላተማል። ሰማይ ብቻ ነው የሚታየኝ። መስጊዱን በሚናራው አወቅኩት።

አረንጓዴው በር ዝግ ነበር። አቁመው አስደገፉኝ። የጠመንጃው አፈሙዝ ከጎድን አጥንቴ ስር ገባ።

«ጥራት። በቋንቋችሁ።»

ሕጋችንን አላወቀም፤ ግን ደረሰበት። ለሷ በሩን የሚከፍተው የኔ ድምፅ ነው። ጉሮሮዬን ጠረግኩ። አርብ ጠረጴዛው ላይ ፈቃድ በምጠይቅበት፣ በዚያ ጨዋ ድምፅ ተጣራሁ።

«እህቴ፣ እኔ ነኝ። ስሚኝ። የታጠቁ ሰዎች ይዘውኛል። አትክፈቺ። በጓሮ ዝለዪ፤ አሁኑኑ ዝለዪ። ወላሂ አትክፈቺ።»

በሩ ስር ባለው ክፍተት የእግሮቿ ጥላ ታየኝ፤ ቆሞ ነበር። ከዚያ ጠፋ።

«ምን አልካት?»

«ክፈቺ አልኳት።»

«ታዲያ?»

«ልብስ እየለበሰች ይሆናል።»

ጠበቀ። እኔም ጠበቅኩ። ከጓሮው አንድ ቆርቆሮ ተንኳኩቶ ወደቀ፤ ከግንቡ ማዶ የሰው ጩኸት ተሰማ፤ አንዴ፣ አጭር። ታጣቂው ወደ እኔ ሲዞር ፊቱ ላይ ንዴት አልነበረም። የተሰላቸ ይመስል ነበር። በሰደፉ አፌን መታኝ። ሁለት ጥርሶቼ ምላሴ ላይ ወደቁ፤ አንዱን ዋጥኩት።

ቁልፉን በጥይት በጠሱት። ሁለቱ ሲገቡ አንዱ እኔ ጋር ቀረና ከመኪናው ላስቲክ ቱቦ አመጣ። ቱቦው ሲያርፍ መጀመሪያ አያምም፤ ድምፁ ይቀድማል። ጀርባዬን ጨርሶ ወደ እግሬ መዳፍ ወረደ። ከውስጥ መስታወት ይሰበራል፣ መሳቢያ ይገለበጣል። ቴሌቪዥን፣ የጋዝ ሲሊንደር፣ ምንጣፍ፣ የዶክተሩን ልጅ ብስክሌት ይዘው ወጡ። እሷን አልያዙም። ይህንን ሳይ ሳቅኩ መሰለኝ፤ ምክንያቱም ቱቦ የያዘው «ይስቃል እንዴ?» ብሎ እንደገና ጀመረ።

ገደለኝ ብዬ ስጠብቅ ሰለቻቸው። የመጀመሪያው ሰውዬ ስልኬን ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተና በመዳፉ መታ መታ አደረገው።

«የቀሩት እዚህ አሉ» አለ። ሄዱ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ቁርጥራጭ ነው። በእጄና በጉልበቴ ሄጄ ሾፌሩ ሚኒባሱን የደበቀበት ግቢ ደረስኩ። ዝርዝሩን በቃሌ ነገርኩት። አዎ፣ በቃሌ። አልችለውም ያልኩት ሁሉ፣ ሰውዬው ባነበበበት ድምፅ፣ ከነቅደም ተከተሉ ራሴ ውስጥ ተቀርጾ ነበር። ሾፌሩ ከነሱ ለመቅደም ሚኒባሱን በየአቋራጩ አበረረው። ከየበሩ በአማርኛ እጮኻለሁ፤ በተሰበረ አፍ፣ ደም እየተፋሁ። አንዳንዷ ድምፄን ሳታውቀው ቀርታ አልከፍትም ብላ አዘገየችን።

ከዶክተሩ ቤት ጀርባ፣ ጎረቤት ግቢ ውስጥ የቡሪዋን ልጅ አገኘናት፤ ቁርጭምጭሚቷ ወደ ውጭ ዞሮ ነበር። ሾፌሩ አንስቶ ጫናት። ካርቱም ሁለት፣ የባለ ፋርማሲው ቤት ስንደርስ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ጋዙ ላይ ድስት እያረረ ነበር። ከደረጃው እስከ መንገዱ አንድ ሰው የተጎተተበት የደም መስመር፣ መሐል ላይ አንድ እግር የቤት ጫማ። መንገዱ ላይ መስመሩ አለቀ። ሳቂታዋን ተጣራሁ፤ ግን በምን ልጥራት? «የባለ ፋርማሲው ቤት!» እያልኩ ነው ባዶውን ቤት የተጣራሁት።

ሃያውን አወጣን። ሦስቱ እስከ ዛሬ አልመጡም።

እትዬንና ዴም የነበሩትን ጭነን ወጥተን ገዳሪፍ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ አረፍን። ከኋላችን የወጡ ሰዎች ዴም ያለችው ክፍሌ በከባድ መሣሪያ ተመትታ እስከ ወለሏ መቃጠሏን ነገሩን። ሙሉው ዝርዝር እዚያ ነበር። ነገሩ እንዲህ ሆኖ ቀረ፤ እኛ እጅ መግባት የነበረበት ስማቸው ተቃጠለ፣ መጥፋት የነበረበት ቤታቸው በሰውዬው ደረት ኪስ ውስጥ ቀረ።

ከሰው ስልክ ተውሼ ለተቆጣጣሪዬ ጻፍኩለት። የሆነውን በሙሉ ሳይሆን የሚገባውን ብቻ። የሰው ቤት አቀማመጥ አድራሻ ነው፤ «ብቻዋን» የሚለውም ቃል የግል መረጃ ነው፤ መመሪያው ይታረም፤ ያስተማርኩት ስህተት ነው። በሁለት ቀን መለሰ። ስለ አስተያየትህ እናመሰግናለን፣ ለሚቀጥለው እትም ይታያል፤ የአሁኑ እትም ፈተና ስላመለጠህ ግን የሥራ ፈቃድህ ለጊዜው ታግዷል።

በመጀመሪያው አርብ ቅሬው ትምህርት ቤቱ ግቢ ዛፍ ስር ተቀመጠ። እትዬ ወረቀት አላስወጣችም።

«ከዛሬ ጀምሮ እያንዳንዷ ሁለት ሰው ትይዛለች» አለች። «ስሟን፣ ቀበሌዋን፣ መርዶ የሚነገረውን ሰው። የጠፉትን የሦስቱን እኔ እይዛለሁ። ስልክ ላይ ያስቀመጠች ከቅሬው ትወጣለች።»

ሴቶቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ ጆሮ ለጆሮ ተጠጉ። አንዷ ትነግራለች፤ ሌላዋ ትደግማለች፤ ስትስት እጇን ቸብ ታደርጋታለች። እኔ ዳር ቆሜ ነበር። እትዬ ሁሉንም አዳርሳ እኔ ጋ ስትደርስ ቆመች። ልትቆጣኝ የነበረ መሰለኝ። ጉንጬ ላይ ያለውን ቁስል በአውራ ጣቷ ዳሰሰችና አለፈችኝ።

የቡሪዋ ልጅ በዱላ እያነከሰች መጥታ አጠገቤ ደረጃው ላይ ተቀመጠች።

«ሰርዘኝ ብልህ ትሰርዘኛለህ ብዬህ ነበር።»

«ትዝ ይለኛል።» ጥርሶቼ ከሄዱ ወዲህ ስናገር ያፏጭብኛል።

«ሰርዘኝ እንግዲህ።»

«ስልኩ እነሱ ጋ ነው።»

«ኮምፒውተሩስ?»

«ተቃጥሏል።»

«እዚህስ?» የዱላዋን ጫፍ ግንባሬ ላይ አሳረፈች። «የሀገር ቤት ስሜን በል እስቲ።»

አፌን ከፈትኩ። ያን አርብ ነግራኝ ነበር፤ በጣቶቼ ጽፌዋለሁ። በኋላም ሲጠቁር አይቼዋለሁ። ፈለግኩት። የመጣልኝ ሌላ ነው፤ የዶክተሩ ቤት፣ ቡሪ፣ ከመስጊዱ ጀርባ፣ አረንጓዴ በር፣ ብቻዋን፣ በሩን ከውስጥ ትከፍታለች። ከዚያ በፊት፣ በስሟ ቦታ፣ ጥቁር ብቻ ነበር።

ላብ በጀርባዬ ቁስል ላይ ወርዶ አቃጠለኝ።

«አላስታውሰውም» አልኳት።

ትስቃለች ወይም ታለቅሳለች ብዬ ነበር። ሁለቱንም አላደረገችም።

«ደግ» አለች። «ቢመቱህም አታወጣውማ።»

ዱላዋን ተደግፋ ተነሣችና ወደ ውኃው ወረፋ ሄደች። ከወረፋው መሐል አንዷ ሴት ጠራቻት። አሁን በቤት የሚጠራ የለም፤ በስሟ ነው የጠራቻት። ድምፁ ወደ እኔ ሲመጣ፣ ስሙ ሳይደርሰኝ ሁለት ጆሮዎቼን በመዳፎቼ ደፈንኩ።